ለናኦድ የተላኩ ሽማግሌዎች

«እኛ ደጃችሁን የረገጥነው ስለ ናኦድ ነው» አሉ ጋሽ ተከስተ። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ጓዳ ውስጥ፣ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ እስክትጠራ ትጠብቅ የነበረችው ሰብሊ የሰማችውን አላመነችም። ጆሮዋን ወደ መጋረጃው አስጠጋች። ጋሽ ተከስተ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ሲናገሩ ዝግ ብለው፣ ቃል መርጠው ነው። ቢሆንም ሰው ነውና ይሳሳታል፣ ሰብሊ ሊሉ የወንድሟን የናኦድን ስም ጠርተው ይሆናል፣ አሁን ያርሙታል ብላ ጠበቀች። አላረሙትም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጁ ኳስ ተጫዋች ነው። አንድ ትልቅ ኮሌጅ ለቡድኑ ፈልጎታል። እንዲሁ ጠርቶ ከመውሰድ ይልቅ በወግ በማዕረግ ከአባቱ ለምኑልን ብለው ልከውናል» አሉ። እናቷ ወይዘሮ ጀማነሽ ሊያቀርቡ የያዙትን ሳህን እዚያው እጃቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። ሰብሊ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ጋለ። ደግነቱ የሚያያት ሰው አልነበረም።

እስቲ ፍረዱ። ሠላሳን የተሻገረች፣ ያላገባች ልጅ ባለችበት ቤት አንድ የተከበረ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ደውሎ «ነገ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሆነን ለቁም ነገር እንመጣለን» ካለ ምን ይታሰባል? ወይዘሮ ጀማነሽ ስልኩን እንደዘጉ ጎረቤት እንዳይሰማ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጎረቤት ግን ሰማ። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያሉት የቀበሌ ቤቶች ግድግዳ ስለሚጋሩ እዚህ ሲያስነጥሱ እዚያ «ይማርሽ» ይባላል። ከቀኝ ወንበር፣ ከግራ ምንጣፍ ተዋሱ። ሥጋ ኪሎው ሺህ ብር በገባበት ዘመን ሁለት ኪሎ አስመጡ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ከከተማው ዳር የተወሰደችው የወይዘሮ ጀማነሽ ጓደኛ እንኳ በስልክ ሰምታ «እኔ ሳልኖር!» ብላ አለቀሰች። ሰብሊ ላንቻ ባንክ የሚሠራ አንድ ሰው ነበራት፤ ነበራት ከተባለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ማኪያቶ ጋብዟት ካለፈው ወር ወዲህ ጠፍቶባት ነበር። ለካ የጠፋው ሽማግሌ ሲያፈላልግ ነው አለች። ደውላ አልጠየቀችውም፤ ሽማግሌ ልከሃል ወይ ተብሎ አይጠየቅማ። ታናሽ ወንድሟ ናኦድ ደግሞ፣ ከቀትር በፊት ከአልጋው የማይወርደው ናኦድ፣ በማለዳ ተነሥቶ ግቢውን ጠረገ፣ የአባቱን ጫማ ቀባ። ለኔ ብሎ ነው ስትል ዓይኗ እንባ ሞላ።

ሳሎን ውስጥ ነገሩ ቀጥሏል። አባቷ አቶ አምኃ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፈቃዳቸውን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የለም። የቀበሌው ሰው አጥር ሲያፈርስ አይጠይቃቸውም፣ ልጃቸው ሲወጣ ሲገባ አይጠይቃቸውም። ዛሬ ሦስት ሽማግሌ፣ ከመካከላቸው አንዱ የላንቻው ባለሱቅ ሐጂ ሳላሀዲን፣ ቆመው «ልጅዎን ይስጡን» ይሏቸዋል። ወጉ የታወቀ ነው፤ ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። «እስቲ ከዘመድ እንመካከር፤ በሳምንቱ ተመለሱ» ተብሎ ይሸኛል፤ ሽማግሌውም ይህን ስለሚያውቅ ሊመለስ ቆርጦ ነው የሚመጣው። አቶ አምኃ እንደ ወጉ ሊጀምሩ ሲሉ ጋሽ ተከስተ «ይቅርታ፣ ዛሬውኑ ቢቆርጡልን ነው። ቀኑ አይበቃንም» አሉ። የሽማግሌ ጥድፊያ ያልተለመደ ነገር ነው፤ ግን ማን ልብ አለው? አቶ አምኃ ተነሥተው ቆሙ፣ ኮታቸውን ቆለፉ። «እናንተን አሳፍሬ የት እገባለሁ? ከዛሬ ጀምሮ ልጄ የእናንተ ነው። የእናንተ ጉዳይ የእኛም ጉዳይ ነው» አሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን እሳቸው ራሳቸው ለሰው ሲመክሩበት የኖሩ ናቸው።

ከዚያ ጥሎሹ ወጣ። ሌላ ምን ይባላል? ሐጂ ሳላሀዲን አጠገባቸው የነበረውን ትልቅ ፌስታል ፈቱና ለአባት ጋቢ፣ ለእናት ሻል፣ ለሙሽራው የኳስ ጫማ አወጡ። ትምህርቱ በነፃ፣ ምሳው በካፌ፣ የኪስ ገንዘብ በየወሩ ተባለ። ናኦድ ተጠርቶ ጉልበት ሳመ። ሰብሊ በመጋረጃው ስንጥቅ አየችው፤ ከፈተናው ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይታው አታውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ኮሌጅ ከፍለው ሊያስተምሩት ቤቱ አቅም የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የተኛው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ትንሽ ደስም ብሏታል። ግን አንድ ነገር ከነከናት። ናኦድ በረኛ ነው ይባላል። ሰብሊ እህቱ ስለሆነች ትወደዋለች እንጂ በረኛ አለመሆኑን ታውቃለች። የወረዳው ቡድን እንኳ በተጠባባቂነት የሚያስቀምጠው ሰው ሲጎድል ብቻ ነው። ለእሱ ሽማግሌ የሚልክ ኮሌጅ ምን ዓይነት ኮሌጅ ነው?

እንግዶቹ በልተው፣ መርቀው ወጡ። ቤተሰቡ የተረፈውን ለመብላት ቀረበ። እናቷ የሥጋውን ጥሩ ጥሩ ወደ እሷ ገፋ ገፋ አደረጉላት፤ ዓይኗን ግን አላዩዋትም። «ቀሚሱ አምሮብሽ ነበር» አሉ በመጨረሻ። ነበር ያሉት ሰብሊ ቀይራ የሥራ ሱሪዋን ስለለበሰች ነው። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቱ ሬዲዮ ዝም ብሎ ነበር፤ ሰዎቹ እልልታ ሊሰሙ ሳይሆን አይቀርም የዘጉት።

«አባዬ፣ የቱ ኮሌጅ ነው ግን?» አለች።

«ትልቅ ነው አሉ።»

«ስሙንስ አልጠየቋቸውም?»

«ሽማግሌ ይመረመራል እንዴ? ተከስተ ፊት ቆሜ ስሙ ማነው፣ አድራሻው የት ነው ልበል?» አሉ አቶ አምኃ ጋቢያቸውን በትከሻቸው እያስተካከሉ።

ሰብሊ ወደ ናኦድ ዞረች። ናኦድ በአዲሱ ጫማ ላይ አጎንብሶ ማሰሪያውን ያስገባል። «በቃ ነገ ይነግሩኛል» አለ፤ ቀና አላለም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበራት። ሰብሊ የምትሠራው ሰንጋ ተራ፣ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር የሚባል ቢሮ ውስጥ ነው፤ አንድ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የኮሌጆችን የኳስ ውድድር የሚመራ ማኅበር። ደመወዙ ለታክሲና ለምሳ ይበቃል፣ ከዚያ ያለፈውን ለእናቷ ትሰጣለች። ሥራዋ የተጫዋቾችን ተገቢነት ማየት ነው፤ ማለትም በኮሌጁ ስም የሚሰለፈው ልጅ እውነት የኮሌጁ ተማሪ መሆኑን፣ ደመወዝ የሚከፈለው የክለብ ተጫዋች አለመሆኑን። ሦስት ሆነው ይወስናሉ፤ ሰብሳቢው፣ ኢኽላስ የምትባል የስፖርት መምህርት፣ እና ሰብሊ። ድምፅ እኩል ሲሆን የሰብሳቢው ያጋድላል። ውድድሩ ማክሰኞ ሊጀመር ስለሆነ ነው በእሑድ ቀን የተጠሩት። እቤት ስለ ሥራዋ የሚያውቁት «ስፖርት ቢሮ ናት» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሷም አታወራም።

የዕለቱ ጉዳይ ፋኑኤል ነበር፤ የዘንባባ ኮሌጅ አጥቂ። ሌላ ኮሌጅ ከሶ ነው። ክሱ ልጁ ለሁለት ዓመት በደመወዝ ለክለብ ሲጫወት የኖረ ነው፣ ኮሌጁ ከክለቡ አስኮብልሎ እዚሁ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶለታል፣ ክፍል ገብቶ አያውቅም የሚል ነው። ፋኑኤል ተጠርቶ ገባ። ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ ሙሉ፣ ተማሪ ከተባለ ተማሪዎቹን የሚያስፈራ ሰው ነው፤ ሲቀመጥ ወንበሩ ተንቋቋ። ሰብሊ ጭንቅላቷ እቤቷ ነበር፤ ስትሰማም ግማሽ ጆሮዋን ነበር የሰጠችው። ኢኽላስ ግን መነጽሯን አውልቃ ጠየቀችው።

«ምንድን ነው የምትማረው?»

«ማኔጅመንት።»

«ማን ያስተምርሃል?»

ፋኑኤል ወደ በሩ አየ። «ማለቴ… ብዙ ናቸው።»

«አንዱን ጥራልኝ።»

«ኦንላይን ነው የምማረው፤ በቃ ፊታቸው አይታይም።»

ሰብሳቢው ሳቁን በሳል ሸፈነና ለሻይ ዕረፍት እንውጣ አለ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ግን ውድድሩ ያለ ፋኑኤል ተመልካች አይኖረውም ብሎ ያምናል፤ ተመልካች ከሌለ ስፖንሰር የለም፣ ስፖንሰር ከሌለ የቢሮው ኪራይ የለም። የእሱ ድምፅ የት እንደሚወድቅ ሁሉም ያውቃል። የኢኽላስም ይታወቃል። የሚቀረው የሰብሊ ነው። ሰብሊ ስለዚህ ብዙም አልተጨነቀችም፤ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ልጁ ተማሪ አይደለም፣ አለቀ። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ በመስኮቱ ቁልቁል ታክሲዎቹን ስታይ የዘንባባ ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ኃላፊ ሔኖክ ሁለት ሻይ ይዞ መጣና አንዱን ሰጣት።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለ።

«ለምኑ?»

«ለናኦድ ነዋ! ጋሽ አምኃ ደግሞ እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ነገሩኝ እኮ፤ የእናንተ ጉዳይ የእኛም ጉዳይ ነው አሉ አይደል? እንግዲህ ቤተሰብ ሆንን ማለት ነው እህቴ።»

ሻዩ እጇ ላይ ፈሰሰ። ማቃጠሉ የተሰማት ቆይቶ ነው። ግድግዳውን ያዘች። የጠዋቱ ሁሉ አንድ በአንድ መጣባት። የሽማግሌዎቹ ጥድፊያ፣ ስሙ ያልተነሣው ኮሌጅ፣ ጋቢው፣ ሻሉ፣ አባቷ ቆመው ኮታቸውን ሲቆልፉ። ለካ ናኦድን የፈለገው ሰው የለም። የተፈለገችው እሷ ናት። ያውም እሷ ራሷ አይደለችም፤ እጇን አውጥታ የምትሰጣት አንዲት ድምፅ ናት። ሰው ጉቦ ሲሰጥ ሰምታለች፣ በቢሮ አይታለች፣ አንዴም በፖስታ ቀርቦላት መልሳለች። በሽማግሌ እግር፣ በአባት ምርቃት ጠቅልሎ የሚሰጥ ጉቦ ግን በሕልሟም አላሰበችም። ጋሽ ተከስተ ያውቁ ነበር? ሐጂስ? አላወቁ ይሆናል፤ እነሱም እንደ አባቷ ክብር ተሰጥቷቸው ሮጠው ይሆናል።

ሔኖክ ፊቷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማለቴ፣ ክፉ ነገር አንጠይቅሽም። ደግፊ እንኳ አንልሽም። ዘመድ አለኝ ብለሽ ራስሽን አግልይ፤ በቃ፣ ሰብሳቢው ይጨርሰዋል። ናኦድ ነገ ጠዋት መጥቶ ይመዘገባል። ፋኑኤል ከሌለ ግን ቡድኑም የለ፣ ቡድኑ ከሌለ ደግሞ በረኛ ምን ያደርግልናል? አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሰብሊ ሽንት ቤት ገብታ እጇን በቀዝቃዛ ውኃ ያዘች። መናደድ ይገባት ነበር፣ ተናዳለችም፤ ከንዴቱ በላይ ግን ናኦድ ነው የታያት። ነገ ጠዋት ጫማውን ይዞ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ወደ ኮሌጁ በር ሲሄድ ታያት። ዘበኛው ስምህ የለም ሲለው ታያት። ይህን ልጅ ከአልጋ ለማንሣት እናቷ ያልተሳሉለት ታቦት የለም። ዝም ብትልስ? ዝም ማለት እኮ መዋሸት አይደለም። ራሷን ብታገልል ሕጉም ይደግፋታል፤ እንዲያውም ጨዋ ነች ትባላለች። ሔኖክ ያመጣላት ያን የመሰለ ንጹሕ መውጫ ነው። እሱ ነው ይበልጥ ያስደነገጣት፤ ሰዎቹ እንዴት አስበውበታል! እጇን ሳትጠርግ ተመልሳ ገባች።

«ከድምፅ በፊት አንድ ነገር አለኝ» አለች። «ዛሬ ጠዋት ዘንባባ ኮሌጅ እኛ ቤት ሽማግሌ ልኳል።»

ሰብሳቢው ከወንበሩ ብድግ አለ። «እልል! እንኳን ደስ ያለሽ! ይህን ይዘሽ ነው ቀኑን ሙሉ ዝም ያልሽን? ማነው ልጁ?»

«ለኔ አይደለም።»

«እንዴት?»

«ለወንድሜ ነው። ለኳስ።»

ሰብሳቢው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ኢኽላስ እጇን በአፏ ላይ አደረገች። ሰብሊ ሁሉንም ተናገረች፤ ጋቢውን፣ ጫማውን፣ ነፃ ትምህርቱን፣ በኮሪደሩ የተባለችውን። ስትናገር አባቷን በአደባባይ ያራቆተቻቸው መሰላት፤ ግን አላቆመችም። ሰብሳቢው ከጨረሰች በኋላ ግንባሩን እያሸ «እንግዲያማ ራስሽን ብታገልዪ ነው የሚሻለው፤ ላንቺም ክብር ነው» አለ።

«ራሴን ባገልል አንድ ለአንድ ትሆናላችሁ፤ ከዚያ እርስዎ ይወስኑታል። ሽማግሌ የተላከው ይህ እንዲሆን ነው። ፋኑኤል አይሰለፍ ብል ወንድሜ ቦታውን ያጣል እንጂ እኔ የማተርፈው የለኝም፤ ስለዚህ ልምረጥ» አለች፤ እጇንም አወጣች። ፋኑኤል እንዳይሰለፍ ሁለት ለአንድ ተወሰነ። ኢኽላስ ስትወጣ ትከሻዋን ይዛት ትንሽ ቆመች።

በታክሲ አልሄደችም። ከሰንጋ ተራ እስከ ቂርቆስ በእግሯ ወረደች፤ መንገዱን ሁሉ ውሸት ስትሠራ ነበር። ለናኦድ እውነቱን አትነግረውም፤ ያንን ቆርጣለች። አልፈለጉህም፣ ፈልገውህም አያውቁም ተብሎ ለልጅ አይነገርም። ሌላ በረኛ ከክፍለ ሀገር መጥቶባቸዋል ልትለው አሰበች። ኮሌጁ በጀት አጥሮት ቡድኑን ቀንሷል ልትለው አሰበች። አንድ መደብር ፊት ቆማ የጫማ ዋጋ አየች፤ ያኛውን ሲመልስ ሌላ ትገዛለታለች፤ ከሁለት ወር ደመወዟ ይበልጣል። ይሁን አለች። ለትምህርቱም እኔ እበደራለሁ፣ ከቢሮ ባልደረቦቼ ጋር ዕቁብ እገባለሁ፣ ብቻ ያ ልጅ ተመልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አያዙር። ግቢው በር ስትደርስ መሸት ብሎ ነበር። ናኦድ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

«ታዲያ ምን ወሰናችሁ?» አለ።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ፋኑኤል ነዋ።»

ሰብሊ በመንገድ ላይ የሠራችው ውሸት ሁሉ ከአፏ ጠፋ። የፋኑኤልን ስም እዚህ ግቢ ውስጥ አንሥታ አታውቅም። ናኦድም ያመለጠውን ቃል ሲሰማ ደነገጠ፤ ወደ ቤቱ በር አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ፤ ቀኑን ሙሉ ቀና ብሎ ሊያያት ያልቻለው ለካ ለዚህ ነው። እንደነገራት፣ ባለፈው ወር ዘንባባ ኮሌጅ ለሙከራ ሄዶ ነበር፤ ማንም አልላከበትም፣ በራሱ እግር ነው የሄደው። ከዕረፍት በፊት ስንት ጎል እንደገባበት መናገር አልፈለገም። ሂድ ተባለ። ከሜዳው ሲወጣ እንባው እንዳይታይበት ብሎ ለአንዱ «እህቴ ስፖርት ቢሮ ናት» አለው። ያ አንዱ ሔኖክ ነበር፤ እህቱ ከወሳኞቹ አንዷ መሆኗንና የፋኑኤልን ጉዳይ ናኦድ የሰማው ከሱ ነው።

«ለመኩራራት ነው ሰብሊዬ፣ እውነቴን ነው። ከዚያ እህትህን እናናግራት አለኝ፤ እሷ ገንዘብ አትነካም አልኩት። ምን ይሻላል ሲለኝ…»

«ሲልህ?»

«ሽማግሌ ላኩ አልኩት። አባዬ ለሽማግሌ እምቢ አይልም። አንቺ ደግሞ የአባዬን ቃል አታጥፊም።»

ሰብሊ አየችው። ይህን ልጅ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ሥራ ሲውሉ ከትምህርት ቤት ሮጣ እየመጣች ያበላችው እሷ ናት። ሔኖክ ኮሪደሩ ላይ ሲነግራት ግድግዳ ይዛ ነበር፤ አሁን የምትይዘው ግድግዳ አላገኘችም። ቤታቸውን በውስጥ አውቆ፣ የቱ ጋ ቢነካ እንደሚከፈት አሳይቶ የሰጠው የቤቱ ልጅ ራሱ ነው። «እኔስ?» አለች። «ሽማግሌ ሲመጣ ምን እንደማስብ አላሰብክም?»

«ሥጋ ሲገዛ ነው የገባኝ። ያኔ ረፍዷል። ምን ብዬ ልንገርሽ? ግቢውን ልጥረግላት ብዬ ጠረግኩ።» የተቀመጠበትን ድንጋይ በጥፍሩ ፋቀ። «አንድ ቀን ሰው እኔን ብሎ በራችንን ቢያንኳኳ ብዬ ነው። ውሸትም ቢሆን።»

ልትመታው ነበር። እጇ ተነሥቶም ነበር። ግን ያንን ነገር፣ አንድ ቀን ሰው እኔን ብሎ በራችንን ቢያንኳኳ የሚለውን፣ ከእሷ በላይ የሚያውቀው ማን ነው? ይህን ስላወቀች ይቅር አላለችውም፤ እጇ ብቻ ወረደ። «ፋኑኤል አይሰለፍም» አለችው። «አንተም አትመዘገብም።» ከዚያ አልፋው ገባች።

አቶ አምኃ ጋቢውን እንደለበሱ ነበር። ቤት ውስጥ ሙቀት ነው፤ አላወለቁትም። ለሽማግሌዎቹ የምስጋና ምሳ መቼ እንደሚሻል ከእናቷ ጋር ይመክሩ ነበር። ሰብሊ ቆማ ነገረቻቸው። ኮሌጁ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደላከ፣ ቢሮዋ ምን እንደወሰነ ነገረቻቸው። ሽማግሌ ላኩ የሚለው ምክር ከየት እንደወጣ ግን ሳትናገር አለፈችው። እናቷ «እግዚኦ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። አባቷ ጋቢውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ በጥንቃቄ አጣጠፉት፣ ሻሉን ከሚስታቸው ተቀብለው በላዩ አደረጉ። «ነገ በማለዳ ለተከስተ ራሴ እመልሳለሁ። ቃሌንም አነሣለሁ» አሉ። በሕይወታቸው ቃል አንሥተው አያውቁም። «አንቺ ደግ አድርገሻል» አሏት፤ ግን አላዩዋትም።

ናኦድ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ጫማውን በእጁ ይዟል። አቶ አምኃ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ፣ የራሳቸውን ውርደት ረሱት። ተነሥተው ሄዱና ራሱን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«አይዞህ ልጄ» አሉት። «የነሱ ነውር ነው። አንተ ምን አጠፋህ?»

ናኦድ በአባቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ እህቱን አየ። ሰብሊ ዝም አለች። ልጁ ተንሰቅስቆ ማልቀስ ጀመረ፤ አባቱም ይህን ያህል የተከፋው ሰዎቹ ስላታለሉት መስሏቸው «አይዞህ፣ አይዞህ» እያሉ ጀርባውን ይደባብሱት ነበር።